ራሱን ሲሰድብ ለሚውል ሰው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ነፃ መመሪያ

"አንተ እኮ አትረባም"፣ "ይሄንንም ታበላሸዋለህ" የሚል ድምፅ ከውስጡ አልጠፋ ያለው ሰው ካለ ይሄንን ያንብብልኝ። የማወራው የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ ስላወጣው "ዱዊንግ ዋት ማተርስ ኢን ታይምስ ኦፍ ስትረስ" (በጭንቀት ጊዜ ዋናውን ነገር ማድረግ እንደማለት ነው) ስለሚባለው ባለ ስዕል መመሪያ ነው፣ ፒዲኤፉ ነፃ ነው፣ የልምምዶቹ ኦዲዮም አለው፣ ስልክ ላይ ጭኖ ማታ ማታ መስማት ይቻላል።

በጣም የወደድኩለት ፖዘቲቭ አስብ እያለ አይጨቀጭቅም። ሆድ ለባሰው ሰው "ጥሩ ጥሩውን አስብ" ማለት እኮ ምንም አይጠቅመውም፣ እንደውም አልሆን ሲለው ራሱን የሚሰድብበት ሌላ ምክንያት ያገኛል። ይሄ ግን ከሀሳቡ ጋር ተከራከር አይልህም። መጀመሪያ መምጣቱን ልብ ትላለህ፣ ከዛ በሆድህ "ይኸው ከባድ ሀሳብ መጣ" ትላለህ፣ ከዛ ወደያዝከው ነገር ትመለሳለህ፣ ሰሃን እያጠብክ ከሆነ ወደ ውሃው ወደ ሳሙናው፣ ከሰው ጋር ከሆንክ ወደ ሰውየው ወሬ። በቃ ይሄው ነው። ሀሳቡ አስሬ ይመጣል አንተም አስሬ ትመለሳለህ፣ ልማዱ የሚያዘው እንደዛ ነው። እኔ ሌሊት "ከስራ ሊያባርሩኝ ነው" የሚለው ሀሳብ አሁንም ይመጣል፣ ግን እንደ ድሮው ይዞኝ አያነጋም።

ለራስ ደግ ስለመሆን የሚያወራው ክፍል ደግሞ ለኛ ሰው የግድ ነው እላለሁ። ጎረቤት ሲያዝን አብረን የምናለቅስ ሰዎች ለራሳችን ሲሆን ምላሳችን ምላጭ ነው። ልምምዱ እጅህ ደግነት የሞላበት እንደሆነ እያሰብክ የከበደህ ቦታ ላይ፣ ደረትህም ይሁን ሆድህ፣ ማሳረፍ ነው። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ብቻህን ስትሆን ሞክረው።

የፈረንጅ ነገር ነው ለምትሉ፣ መመሪያው የተሰራው ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ ከሚባል የቡድን ስልጠና ነው፣ ስልጠናው ዩጋንዳ ያሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ከ3 ወር በኋላ ሲለካ ጭንቀታቸውን ቀንሶ ተገኝቷል።

የማልወድለት ነገር አንዱን ሀሳብ በጣም ይደጋግማል፣ ቶሎ የሚሰለች ሰው መሀል ላይ ይተወዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ ያዙ፣ ከተቻለ ከጓደኛ ጋር። መጀመሪያ ላይ ያለውን እግርን መሬት ላይ ተጭኖ ቀስ ብሎ የመተንፈሱን ልምምድ አትዝለሉት፣ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ራሱን ማጥፋት የሚያስብ ወይ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ግን በፒዲኤፍ አይቆይ፣ አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ዛሬውኑ ሰው ይዞት ይሂድ።