ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የገዛኋት የሶሲዮሎጂ ሀንዳውት

ደብረ ብርሃን ኤክስቴንሽን ለምትማሩ ነው ይሄን የምጽፈው። ካንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት (ስሙ ይቅር) የሶሲዮሎጂ ቲዎሪ ሀንዳውት በ160 ብር ገዛሁ፣ ስፓይራሉ ጥሩ ነው፣ ግን የኮፒ ኮፒ ስለሆነ አንዳንዱ ገጽ የክረምት ጉም ነው የሚመስለው።

ውስጡ ያው የሶሲዮሎጂ አባቶች የሚባሉት ዱርካይም፣ ዌበር፣ ማርክስ ነው፣ ምሳሌው ሁሉ የፈረንጅ። እኔን ያዳነኝ ኦሪጅናሉን የያዘው ሰውዬ ዳር ዳሩን የሞነጫጨረው ነው፣ እሱም አብሮ ኮፒ ሆኗል። ዱርካይም በ1893 እ.ኤ.አ. ሰው አንድም በመመሳሰሉ ነው የሚተሳሰረው አንድም ስራ ስለተከፋፈለ ብሎ ለሁለት የለየው ላይ፣ ከመጀመሪያው ጎን «ደቦ፣ ወንፈል፣ እድር» ብሎ ጽፏል። በቃ ወዲያው ገባኝ። እድር ላይ ግን አልስማማም! እድር መጀመሪያ የከተማ ነገር ነው፣ መዝገብ አለው፣ ደንብ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮና ቅጣት አለው፣ የኛ ሰፈር እድር ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሰራተኛም አስተማሪም ጠላ ሻጭም አለች፣ ለቅሶ ሲመጣ ሁሉም አንድ ድንኳን ስር ነው፣ እና የቱ ጋ ትከቱታላችሁ? ፈተና ላይ እንደ ሰውየው እንዳትጽፉ ብቻ።

የማርክሱን ምዕራፍ አባቴ አንስቶ ሲያየው «ይሄማ የደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ ነው» አለኝና ወዛደር፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አድኃሪ እያለ በቃሉ ወረደው። ሀንዳውቱ ግን አማርኛው ስንት ዘመን ተሰርቶ ቁጭ ብሎ እያለ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ትቷቸዋል። ማርክስ ይበልጥ የሚያወራው ስለ ፋብሪካ ሰራተኛ ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጉዳዩ ባላባትና ጭሰኛ ሆኖ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ደረሰ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሀንዳውቱ ላይ አንዲት መስመር የለም።

ያናደደኝ የሌቪን ነው። ዶናልድ ሌቪን ማለት እዚሁ ሰሜን ሸዋ መንዝ ድረስ መጥቶ ያጠና አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ነው፣ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፉን በ1965 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፣ እሱ ደግሞ ከቅኔ ቤት የኛን ቃል ወስዶ ለነሱ ትምህርት አስገባላቸው። ልክ እዚህ ስደርስ ከገጽ 61 ወደ 66! ሰውየው መንዝ ድረስ መጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ ገጹ ይጥፋ? ተመልሼ ብጠይቀው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ «ኦሪጅናሉም እንደዛ ነው እህቴ» ብሎ 10 ብር መለሰልኝ። ሙሉው ያለው ካለ አራቱን ገጽ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ወጪው በኔ።