ብርቄን ላተረፈልኝ የዓሣ ገንዳ ባለሙያ ምስጋና፣ ጅማ ለምትኖሩ ዓሣ ወዳዶችም ጥቆማ

በጅማ ከተማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ወዳለችው ምግብ ቤቴ ጎራ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመግቢያው በስተግራ ካለው ትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ቀስ እያለች የምትመላለሰውን ረጅም ብርማ ዓሣ ታውቋታላችሁ። ዝርያዋ አሮዋና ይባላል፤ የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። እኛ ግን «ብርቄ» እንላታለን። ከስድስት ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲያመጣልኝ የእጅ ጣት የምታክል ነበረች፤ ዛሬ ርዝመቷ 75 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እርሷን ከሞት ለታደገልኝ ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማድረስ ነው። ስሙን ያልጻፍኩት እንዳልጽፍ ራሱ ስለጠየቀኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው በገቡበት ሰሞን ነበር። ብርቄ በድንገት ምግብ አቆመች። ከውኃው ላይ ተወርውራ የምትቀልበውን ፌንጣ እንኳ አላየሁም ብላ ታልፈው ጀመር። ደንበኞቼ «እርሷም እንደ ባለቤቷ ጾም ይዛለች» እያሉ ሲቀልዱ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። በዚያ ላይ ሆዷ ወደ ጎን ገፋ ብሎ ስለነበር፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ደንበኛዬ ከግልገል ግቤ ግድብ ስለሚያወጣው ቆሮሶ ያጫወተኝ ነገር ትዝ አለኝ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ልጆቿ እስኪወጡም ምግብ አትቀምስም። ይህ እውነት ነው። እኔ ግን የቆሮሶን ጠባይ ለአሮዋና ሰጥቼ፣ ብርቄም በአፏ እንቁላል ይዛ ነው ብዬ 19 ቀን ሙሉ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ቆይቶ ስጋት ሲገባኝ ያማከርኩት አንድ ነጋዴ፣ ዓሣዋን ሳያይ «ትል ነው» ብሎ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሸጠልኝ። መድኃኒቱን ልጨምር ባሰብኩበት ዕለት ነው አንዲት የጎረቤት ልጅ የዚህን ወጣት ስልክ የሰጠችኝ።

እንደ መጣ ያደረገው ነገር ትንሽ አናድዶኝ ነበር። ወንበር ስቦ ከገንዳው ፊት ለፊት ተቀመጠና ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገር ዓሣዋን ተመለከተ፤ ያቀረብኩለት ቡናም ቀዘቀዘ። ከዚያ የራሱን ቴርሞሜትር ውኃው ውስጥ አስገባ። የእኔ ማሞቂያ በ28 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ መብራቱም ይበራል፤ ውኃው ግን 21 ዲግሪ ነበር። የጅማን የጥርና የየካቲት ሌሊት ብርድ የምታውቁት ነው፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ማሞቂያው መቼ ሥራ እንዳቆመ እግዚአብሔር ይወቀው። ቀጥሎ በቀለም የሚለይ መመርመሪያ ጠብታ ጨምሮ ሲያሳየኝ፣ ጨርሶ መኖር ያልነበረበት አሞኒያ በውኃው ውስጥ ተገኘ። ጥፋቱ የእኔው ነበር፤ ለካስ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ሙልጭ አድርጌ ሳጥበው፣ የዓሣዋን ቆሻሻ የሚያብላሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በክሎሪን እየገደልኩ ኖሬያለሁ።

«እትዬ፣ ይህ ጾም አይደለም፤ ብርድና መርዝ ነው። እንቁላልም ያዘለች ይመስለኛል፤ ግን ሳላይ አልምልም» አለኝ። ያመንኩት ያኔ ነው። አሮዋናን ከውጭ አይቶ ወንድና ሴት መለየት አስቸጋሪ መሆኑን፣ የሆድ ማበጥም ከእንቁላል ሌላ በሽታ ሊሆን እንደሚችል፣ በተለይ ቅርፊቶቹ ከገላው ተነሥተው የጥድ ፍሬ ከመሰሉ አደገኛ ምልክት እንደሆነ አስረዳኝ። የብርቄ ቅርፊት ግን ልሙጥ ነበር።

ከነገረኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ስለ አፏ የነገረኝ ነው። በዚህ ዝርያ እንቁላሉን በአፍ ይዞ ለሁለት ወር ገደማ የሚንከባከበውና የሚጾመው አባትየው እንጂ እናትየው አይደለችም። የእርሷ ድርሻ አንድ ብቻ በሆነው የእንቁላል ማህደሯ ውስጥ ትልልቅ እንቁላሎችን አብስሎ መጣል ነው። ቆሮሶ የምትጥለው ከጤፍ ትንሽ ከፍ የሚል እንቁላል ሲሆን የአሮዋና አንዱ እንቁላል ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሸክም ሆዷን የሞላባት ዓሣ ለጥቂት ቀን ምግብ ብትቀንስ አያስደንቅም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትተው ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። «ወንድ በሌለበት እንዴት እንቁላል ይኖራታል?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ዶሮስ ያለ አውራ ዶሮ ትጥል የለ?» ብሎ መለሰልኝ። ሳትጥለው ቀርታ ሰውነቷ መልሶ ሊመጠው እንደሚችልም ጨመረልኝ። ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ውስጥ የሚኖረው የአሮዋና ዘመድ ደግሞ በአፉ ጭራሽ አይዝም፤ በሣር መካከል ጎጆ ሠርቶ እዚያ ይጥላል አለኝ። ዘመዳማቾች ሆነው ጠባያቸው ይህን ያህል መራራቁን ማን ያስባል?

መድኃኒቶቹን ወደ ነጋዴው እንድመልስ ነገረኝ፤ ነጋዴው ግን አልተቀበለኝም። ወጣቱ ማሞቂያውን በሁለት አዳዲስ ማሞቂያዎች ተካ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ ነው። ሙቀቱን በቀን ከአንድ ዲግሪ ያልበለጠ እየጨመረ አደረሰው። በበርሜል አድሮ ክሎሪኑ የወጣለትንና ለብ ያለውን ውኃ በየቀኑ ሩብ ሩብ እያደረግን እንድንቀይር፣ የፊት ለፊቱንም መስታወት በጨርቅ እንድንሸፍን አዘዘ። ምግብ እንዳላቀርብላት መከልከሉ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነበር፤ የተራበ ፍጡር እያዩ ዝም ማለት ለምግብ ቤት ባለቤት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያልተበላ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያውን እንደሚጨምር ካሳየኝ በኋላ ታዘዝኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ በገንዳው ወለል ላይ ብርቱካናማ ዶቃ የመሰሉ፣ ከሽምብራ የሚበልጡ እንቁላሎች ተበትነው አገኘሁ። ጮኬ ሠራተኞቹን ቀሰቀስኳቸው። ባለሙያው የሥራ ሰዓቱ ሳይደርስ መጥቶ፣ ያልዳበሩ በመሆናቸው ሳይሻግቱና ውኃውን ሳያበላሹ በጎማ ቱቦ አንድ በአንድ ሳባቸው፤ 41 ቆጠርን። ሙቀቱ ነው ያስጣላት ወይስ ጊዜዋ ደርሶ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ይህን ከአንድ ዓሣ መናገር አይቻልም» አለኝ። ለዚያ ቀን ድካሙ ክፍያ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ብርቄ ፌንጣ ወረወርኩላትና ቀለበች።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። ጅማ ውስጥ የዓሣ ገንዳ በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ ያላችሁ ሰዎች ይህን ልጅ ጥሩት። ለአንድ ጉብኝት 600 ብር ያስከፍላል፤ የሚገዛ ዕቃ ካለ ደረሰኙን ያመጣል። ጉድለቱንም አልደብቅም፤ በተባለው ሰዓት አይደርስም፣ እጁ ውኃ ውስጥ እያለም ስልክ አያነሣም፤ ስለዚህ የጽሑፍ መልእክት ብትልኩለት ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቃዱን ስለሰጠኝ እልክላችኋለሁ። እስኪመጣላችሁ ድረስ ግን ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እጠቡት።

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ቡናህን ሳይቀዝቅዝ የምትጠጣበት ቀን ይምጣልኝ።