ቮልስ ወይስ ኮምቢ? ለሐረጎ ዳገት

ደሴ ላይ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው ከቮልስና ከኮምቢ መምረጥ ቀላል አይደለም። ሁለቱም የአንድ ቤት፣ የቮልስዋገን ልጆች ናቸው፤ ቮልስ ትንሿ የቤት መኪና፣ ኮምቢ ደግሞ ሰውና ዕቃ የሚጭነው ቫን። ሞተራቸው ከኋላ ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ራዲያተር የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1950 ኮምቢ ሲወጣ የተገጠመለት የቮልስ ሞተር ነበር፤ 25 የፈረስ ጉልበት። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት እንኳ እኩል ነው፣ 2.40 ሜትር።

ሻንሲው ላይ ይለያያሉ። ቮልስ የቆመችው መሃሉ ላይ እንደ ጀርባ አጥንት ቱቦ በተዘረጋበት ወለል ላይ ነው። ኮምቢ መጀመሪያ እዚያው ወለል ላይ ተሞከረ። አልቻለም። ስለዚህ ከሥሩ ጠንካራ ብረት ተሠራለት።

ጉዱ ያለው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የወጡት ኮምቢዎች ከኋላ ጎማዎቻቸው ጋር ተጨማሪ ጥርስ አላቸው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ከኮምቦልቻ ሰው ጭኖ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎ ዳገት ሲወጣ የሚያግዘው እሱ ነው። ይህ ጥርስ ዙሩን ስለሚገለብጥ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም በተቃራኒው ይገጠማል። አንድ ጋራዥ ይህን ሳያይ የኮምቢ ካምቢዮ ያ ጥርስ ለሌላት ቮልሴ ገጠመልኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች! አራት የኋላ ማርሽ፣ አንድ የፊት። እንደገና ተፈታ። በጣም ተናድጄ ነበር።

ገበያ ለገበያ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ኮምቢ ይውሰድ። ለራሴ ግን ቮልስን እመርጣለሁ። ክብደቷ ቀላል ነው፣ ዳገቱን ሳትጨነቅ ትወጣዋለች።