መሃሉ የተበሳው መጋገሪያ፦ አንድ የፖም ወቅት ሙሉ ከጋገርኩበት በኋላ

ዕቃውን በ9 ዶላር ነው የገዛሁት፤ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ጆሯቸው ከተሰበረ ስኒዎችና ክዳን ከሌላቸው ድስቶች መሃል። መጀመሪያ ሳየው የመኪና ዕቃ መስሎኝ ነበር። ቦይ ቦይ ያለው፣ ከባድ፣ መሃሉ ላይ እንደ ጀበና አንገት ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ ያለው አሉሚኒየም። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ «ኖርዲክ ዌር፣ ሚኒያፖሊስ» ይላል። የሠራው ድርጅት ስም ነው፤ ከሴንት ፖል ወንዝ ማዶ ያለ የጎረቤት ልጅ ነው ማለት ነው። ሌላ አላየሁም፣ ይዤው ተሰለፍኩ።

ይህን የምጽፈው «ያንን የፖም ኬክ በምንድነው የጋገርከው?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሰዎች ነው። አንድ በአንድ በስልክ ማስረዳት ሰለቸኝ። ባለሙያ አይደለሁም፤ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ማታ ልመልሳቸው እስክነሳ ድረስ አምስት ሰዓት ያህል አለኝ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ኦቨኑ ብቻ ነን።

ፖሙ የሚመጣው ከሥራ ቦታ ነው። ስምሪት ክፍል ያለችው ሴትዮ «ዘንድሮ ጡረታ እወጣለሁ» ማለት ከጀመረች እኔ የማውቀው እንኳ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጓሮዋ ውስጥ አንድ የሃራልሰን ዛፍ አላት፤ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ፖሙን በከረጢት በከረጢት እያመጣች ወንበራችን ላይ ታስቀምጣለች። የሚኒሶታ ሰው ስለ ፖም ሲያወራ እኛ ስለ ጤፍ እንደምናወራው ነው፤ ማኛው የቱ፣ ሰርገኛው የቱ። ሃራልሰን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1922 ያወጣው ዝርያ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኮምጠጥ ያለ፣ ጠጣር፣ ለኦቨን የተፈጠረ ፖም። ሁሉም የሚያውቀው ሃኒክሪስፕም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ በ1960 ተዳቅሎ፣ መሃል ላይ ሊጣል ምልክት ተደርጎበት ከተረፈ በኋላ በ1991 ለገበያ ወጣ። እንዲሁ ለመግመጥ ሃኒክሪስፕን የሚያህል የለም። ለኬክ ግን ማኛ ጤፍን ለጠላ ቂጣ እንደማዋል ነው፣ አላደርገውም።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። «ኤ ፎር አፕል» እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ የጮህንለትን ፍሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቀምስ ነው ስምንተኛ ክፍልን የተፈተንኩት። ጨንቻ ላይ ፖም እንደሚበቅል የሰማሁት ጎልምሼ ነው። እና ሁለት ከረጢት ፖም በነጻ ተሰጥቶኝ ማበላሸት አይሆንልኝም።

ድሮ የምጋግረው ስስ ክብ ቆርቆሮ ላይ ነበር። የማን ሥሪት እንደሆነ አልናገርም፣ ከእኔ ጋር ሰባት ዓመት ኖሯል። ፖም ውሃ ነው። ሊጡ ውስጥ ሆኖ ሲሞቅ ውሃውን ይለቃል፤ ዳር ዳሩ ሲደርስ መሃሉ ገና ገንፎ ነው። መሃሉ እስኪደርስ ልጠብቅ ስትሉ ዳሩ ያራል። አንዴ እንግዳ ፊት ስቆርጠው ቢላዋዬን ተከትሎ ፈሰሰ። ልጄ ድምጿን ሳትቀንስ «አባዬ፣ ሾርባ ነው እንዴ?» አለች።

ቱቦው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከመሃልም ይገባል፤ የትኛውም የሊጡ ክፍል ከትኩስ ብረት ከሁለት ሦስት ጣት በላይ አይርቅም። ብረቱ ተጠፍጥፎ የተሠራ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ስለሆነ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ አይከምርም። ኩሽና ሚዛኔ ላይ ሳስቀምጠው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ አለኝ። በውሃ ስለካው 12 ኩባያ ያዘ። የመጀመሪያውን ደህና ኬክ ስቆርጥ ቢላዋው ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ወርቃማ ነው፣ ፖሙ ቁርጥራጩ ሳይፈርስ እዚያው እንዳለ። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት።

ታሪኩን የነገረችኝ ያቺው የስምሪት ሴትዮ ናት። በ1950 ገደማ ሃዳሳ የሚባለው የአይሁድ ሴቶች ማኅበር የሚኒያፖሊስ አባላት ወደ ኖርዲክ ዌር መሥራች ወደ ዴቪድ ዳልኲስት ይሄዳሉ። አውሮፓ እናቶቻቸው የሚጋግሩበት መሃሉ የተበሳ ከባድ ቅርጽ ነበር፤ «በአሉሚኒየም ሥራልን» አሉት። ሠራላቸው። የጀርመንኛውን «ቡንድ» (Bund) ወስዶ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ጨምሮ «ቡንት» (Bundt) ብሎ የንግድ ስም አደረገው። እስከ 1966 ድረስ ብዙ የሚገዛው አልነበረም። በዚያ ዓመት አንዲት የቴክሳስ ሴት በዚህ ቅርጽ በጋገረችው የቸኮላታ ኬክ ፒልስበሪ የሚባለው የዱቄት ድርጅት ባዘጋጀው የመጋገር ውድድር ሁለተኛ ወጣች፣ አገሩ በሙሉ «ያ መጋገሪያ የት ይገኛል?» አለ። አንደኛ የወጣውን ማን እንደሚያስታውሰው እንጃ።

ለእናቴ በቪዲዮ ሳሳያት የዳልኲስት ታሪክ አላስደነቃትም።

«መሃሉን ምን በላው?»

«እንዲበስል ነው እማዬ። እሳቱ በመሃል እንዲገባ።»

«እሳቱማ ከላይም ከታችም ሲሆን ነው። ኮባ የለም እዚያ አገር?»

ልክ ናት። ድፎ ዳቦ ስትጋግር ምጣዱ ላይ ኮባውን ታነጥፋለች፣ ሊጡን ታፈሳለች፣ በኮባ ትሸፍናለች፣ ከላይ እሳት ታደርጋለች። ሲደርስ ኮባው እንደ ልብስ ይወልቃል፤ የያዘው ዳቦ አይቼ አላውቅም። ይሄ የፈረንጅ ዕቃ ያን ያህል ታዛዥ አይደለም። የመጀመሪያው ኬኬ ግማሹ ከውስጥ ቀረ። ስገለብጠው የወጣው የተራራ ናዳ ነው የሚመስለው። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ የቀድሞው ባለቤት የሚረጭ ዘይት ሲጠቀምበት ኖሮ ቦዮቹ ውስጥ ቡናማ የሚያጣብቅ ነገር ደርቋል፣ እኔም ሳላይ ነው የጋገርኩበት። በዚያ ላይ ቱቦውን ሳልቀባ ረሳሁ፣ በዚያ ላይ ከኦቨን እንዳወጣሁ ቸኩዬ ገለበጥኩት። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሼ ቀብቼ አሳደርኩትና በማግስቱ በለስላሳ ስፖንጅ አጠብኩት። በሽቦ እንዳትነኩት።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቅቤ አትቀቡት። ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ቅሪት አለ፣ የሚይዘው እሱ ነው። ፈሳሽ ዘይትም ወደ ግርጌ ይንሸራተትና ግድግዳው ባዶ ይቀራል። የረጋ ዘይት በትንሽ ብሩሽ እያንዳንዱ ቦይ ውስጥ፣ ቱቦውን እስከ ጫፉ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ዱቄት በትኖ እያሽከረከሩ ማዳረስና ትርፉን መታ መታ አድርጎ ማራገፍ። ይህንንም ሊጡ ካለቀ በኋላ፣ ልትጨምሩ ስትሉ ነው የምታደርጉት፤ ቀድማችሁ ከቀባችሁት ይወርዳል። ሲወጣ 10 ደቂቃ ይረፍ። በ10 ደቂቃ ኬኩ ትንሽ ተሰብስቦ ከግድግዳው ይላቀቃል። ግማሽ ሰዓት ከረሳችሁት ደግሞ ስኳሩ ረግቶ እንደገና ይይዛል። እኔ ስልኬ ላይ ደወል እሞላለሁ፤ ስገለብጠውም ትንፋሼን ይዤ ነው።

ኬኩ ራሱ ቀላል ነው። ሦስት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለብቻው አራት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ከሦስት አራተኛ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ። አራት መካከለኛ ፖም ተልጦ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ይከተፋል። በ350 ፋራናይት (175 ሴልሺየስ ያህል) ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ። ስንጥር ስትሰኩበት ደርቆ ይውጣ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ቅቤም ወተትም የለበትም። አሜሪካ ያሉ አይሁዶች የፖም ኬክን በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ የሚሠሩት ሥጋ በበሉበት ማዕድ ወተት ስለማይቀርብ ነው። መጋገሪያውን ያሠሩት ሴቶች ቤት ሳይጋገር አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ቅመሙ ላይ ግን ከፈረንጁ ተለይቻለሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ «የፖም ቅመም» ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ተፈጭቶ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚያውቀው መደርደሪያው ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ቀረፋ፣ አራት ቅርንፉድ፣ የሁለት ኮረሪማ ፍሬ። የኮረሪማውን ልጣጭ ፈልቅቃችሁ ጥቁሩን ፍሬ ብቻ ሙቀጫ ውስጥ፤ ዘነዘናው ሦስት ጊዜ ሲያርፍበት ቤቱ ይለወጣል። ባለቤቴ መኝታ ቤት ሆና «ቅቤ እያነጠርክ ነው?» ብላኛለች። ቀረፋው ፖሙን ያጣፍጠዋል፣ ኮረሪማው ግን ያን የሃራልሰንን ኮምጣጣነት ወደ ላይ ያነሳዋል። ከሁለት በላይ ካደረጋችሁት ግን ኬክ ሳይሆን ወጥ ነው የሚሸተው። ሞክሬዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ፈተና። ፎል የሚሉትን ወቅት መዝገበ ቃላት በልግ ይለዋል፤ ለእኔ በልግ የሚያዝያ ዝናብ ነው፣ ይሄኛው መጸው ነው። የፖሙ ወቅት ደግሞ በጽጌ ጾም ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። የፈቃድ ጾም ነው፣ ባለቤቴ ግን አንድም ዓመት አሳልፋው አታውቅም። ስለዚህ እንቁላል የሌለበት መሥራት ነበረብኝ። ሦስት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ተኩል ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ተኩል ውሃ፣ ያው ቅመም፣ ሁለት የተፈቀፈቀ ፖም። ሶዳውና አቼቶው ሲገናኙ አረፋ ያወጣሉ፣ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ስለዚህ ካዋሃዳችሁት ወዲያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ኦቨን። እንቁላል የሚያስተሳስረው ስለሌለ ይህኛው ይፈረፈራል፤ 10 ደቂቃ አይበቃውም፣ 20 አሳርፉት። ከአምስት ጊዜ አንዱ ጫፉ ተገምሶ ወጥቷል። በስኳር ዱቄት ደብቄዋለሁ። ባለቤቴ አይታለች፣ ዝም አለች።

የማይወደድለት ነገርም አለ፣ ሳልናገር አላልፍም። ለሦስት ሰው ቤተሰብ ትልቅ ነው፤ አንድ ስትጋግሩ ለጎረቤት መላክ ግድ ነው። እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚታጠበው፣ ቦዮቹ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ውስጡ ጥቁር የሆነውን ከገዛችሁ ሙቀቱን በ25 ፋራናይት ቀንሱ፤ ጥቁሩ ቶሎ ያጠቁራል። የእኔ ነጣ ያለ ነው። አዲሱን በ40 ዶላር አካባቢ ታገኙታላችሁ። ይገባዋል ወይ ለሚለኝ፣ በዓመት ሁለቴ ለምትጋግሩ አይገባውም፤ ያገለገለ ሱቅ እየሄዳችሁ ገልብጡ፣ ጀርባውን አንብቡ፣ ውስጡ በቢላዋ ያልተጫረ መሆኑን በጣት ዳስሱ። ፖም የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ግን ሳታስቡ ግዙት።

ለስምሪቷ ሴትዮ አንድ ቁራጭ በፎይል ጠቅልዬ ወሰድኩላት። ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ቆም አለች። «ቀረፋውን አወቅኩት፣ ሌላው ምንድነው?» አንድ ሙሉ ኮረሪማ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አሸተተችው፣ የእርሳስ መያዣዋ ውስጥ ጨመረችው፤ እስካሁን እዚያው ነው።

የቀረኝ ችግር ማስቀመጫ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ አይገባም፣ ቱቦው ላይ ሌላ ዕቃ አይደረብም። በአዘቦት ቀን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ክዳን ላይ ተደፍቶ ይውላል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ወደ ልጄ አልጋ ሥር ይሰደዳል፤ እሷም አሻንጉሊቷን ታስቀምጥበታለች፣ እኔም ከመጋገሬ በፊት የአሻንጉሊት ጫማ አወጣለሁ።