አቶቴ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤትና የሕግ ትምህርት ማመልከቻዬ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ማዕዘን ገባ ብሎ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ማሽን ያላት ጠባብ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ለቅዳሜና እሁድ የሕግ ዲግሪ ሳመለክት ወረቀቶቼን ያዘጋጀሁት እዚያ ነው። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ከፍ ይላል፤ እኔ ግን ሌላ ቤት አልሄድም።

ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ስለምሠራ በወረቀት ጉዳይ ሰው በቀላሉ አላምንም። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሌላው ወረቀታችሁን ተቀብሎ ማሽኑ ላይ ሲደፋው እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬቴን (አሁን የቀረውን ፈተና ማለቴ ነው)፣ የ12ኛውን፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬንና ፋይዳዬን ደረደሩና «ልጄ፣ ካሳ የሚለው የአባትሽ ስም በእንግሊዝኛው እዚህ በአንድ ‹ኤስ›፣ እዚያ በሁለት ተጽፏል» አሉኝ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው ለማስባል የሚከፈት መዝገብ በእጄ ስለሚያልፍ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያንከራትት አውቃለሁ። ደግነቱ ዲግሪውን የሰጠኝ ተቋም የማረጋገጫ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የዲግሪው የውጤት ዝርዝር፣ በታሸገ ፖስታ ከተቋም ወደ ተቋም እንደሚላክና የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ሰው አስቀድሞ መክፈል እንዳለበትም ጋሼ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

ከጎኔ የአንድ የግል ኮሌጅ በራሪ ወረቀት የያዘ ወጣት ነበር። «ፈቃዱን አይተሃል?» አሉት። ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው መለሰ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ መሆኑን አስረዱት፤ አጣርቶ እስኪመጣም ፎርሙን አልሞሉለትም። የራሱን ገቢ የሚመልስ ነጋዴ ብዙ አላየሁም።

ድክመታቸው የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ነው። ኮምፒውተራቸው ውስጥ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፍትሕ ለተነፈጉ ወገኖቼ ጠበቃ የመሆን ጽኑ ምኞት ስለነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። ስሙ እየተቀየረ ለሁሉም ይታተማል። እኔ በሕፃንነቴ የምመኘው ሱቅ መክፈት ነበር! ሕግ መማር የፈለግሁት በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተጠየቀውን ሳያሟሉ የሚመጡ አቤቱታዎች ሲመለሱ እያየሁ ስለኖርሁ፣ ለምን እንደሚመለሱም ከሥሩ ማወቅ ስላሰኘኝ ነው። ይህንኑ ይጻፉልኝ አልኋቸው። «ደረቅ ነው» አሉ። መዝገብ የሚያነብ ሰው ደረቅ ነገር አይጠላም ብዬ ተከራከርሁ፤ እያጉረመረሙ ጻፉት።

ፎቶ ኮፒ በገጽ 5 ብር፣ ሙሉ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ማስገባት 300 ብር ነው፤ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ግን የላቸውም። ጄኔሬተርም ስለሌለ መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል። መደርደሪያቸው ላይ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠርዘው ይሸጣሉ። 3367 አንቀጽ ያለው ሕግ ነው፤ የእሳቸው ቅጂ ደብዛዛ ከመሆኑ በላይ አንዳንድ ገጽ የግርጌው መስመር ተቆርጦበታል። እሱን ተዉት።

ቅዳሜ ጠዋት ወረፋው በረንዳው ድረስ ይወጣል፤ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ። የማመልከቻውን ክፍያ ባንክ ከከፈላችሁ ዋናውን ደረሰኝ ያዙ፤ የስልክ ፎቶ አሳይታችሁ ጋሼን ማሳመን አትችሉም።