አፐር ፓይንስ ወይስ ካምፕ 4? በዮሰሚቲ ድንኳን ለመትከል

ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ሸለቆ ድንኳን ተክሎ ለማደር ያሰበ ሰው ከወራት በፊት አፐር ፓይንስ የተባለውን የድንኳን ሰፈር ይይዛል፤ አለዚያ በመጨረሻው ሳምንት ሌላውን ሰፈር፣ ካምፕ 4ን ይሞክራል።

አፐር ፓይንስ ለቤተሰብ የተመቸ ነው። መኪናው ከድንኳኑ አጠገብ ይቆማል፤ አንዱ ቦታ እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ የሚጋራም የለም። ጣጣው የፈላጊው ብዛት ነው። ቦታዎቹ የሚለቀቁት ወር በገባ በ15ኛው ቀን ነው፤ ከጁን 15 እስከ ጁላይ 14 ባለው ጊዜ መግባት የሚፈልግ ፌብሩዋሪ 15 ጠዋት በማስያዣው ድረ ገጽ በሬክሪኤሽን ዶት ጎቭ ላይ መገኘት አለበት። ሰዓቱ በካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 7፣ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ላለ ሰው ደግሞ ረፋድ 4 ሰዓት ይሆናል። አካውንት ቀድሞ መክፈት፣ ተለዋጭ ቀኖችንና የቦታ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፎ አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዚያች ደቂቃ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ባለቤትን ማማከር የማይታሰብ ነው።

ካምፕ 4 በሞቃታማዎቹ ወራት የሚለቀቀው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በየዕለቱ በዚያው ሰዓት ነው። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው። ዕቃ ከመኪና ማቆሚያው ተሸክሞ መግባት፣ ቦታውንም ከማያውቁት ሰው ጋር መጋራት አለ። ቋጥኝ የሚወጡ ስፖርተኞች ሰፈር ነውና ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ አልመክረውም፤ ለሁለት ወጣቶች ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

በሁለቱም ዘንድ ድብ አለ፤ ቅቤውም በርበሬውም በብረት ሣጥን ይቆለፋል። አፐር ፓይንስ ያመለጠው የሚሰርዙ ሰዎች ስለማይጠፉ ገጹን ደጋግሞ ይመልከት።