ባለ ባትሪው የጀርባ መርጫ፦ እንጆሪዬ ላይ ሞክሬው

ይህን ባለ 16 ሊትር መርጫ የገዛሁት ተናድጄ ነው። እንጆሪዬን ሁለት ጊዜ ረጭቼ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ንቅንቅ አላለም፣ ጭራሽ ባሰበት። መድኃኒቱ የተጭበረበረ መስሎኝ ሻጩን ልጣላው ነበር። ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው። የድሮው መርጫዬ ቅጠሉን ከላይ ከላይ ያርሰዋል፣ ተባዩ ደግሞ ከሥር ድሩን አድርቶ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ሌላም አጥፍቻለሁ። ቀይ ሸረሪት ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ፣ ብዙ የነፍሳት መድኃኒት ብዙም አይበግረውም። እኔ የረጨሁት ፓይሬትሮይድ የሚባለው የነፍሳት መድኃኒት ደግሞ እሱን የሚበሉትን ጠቃሚዎቹን ጨርሶ ሜዳውን ለቀቀለት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። በጣም የወደድኩት ጫፉን ነው። ዘንጉ ጫፉ ላይ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ከታች ወደ ላይ እረጫለሁ። አብሮት የመጣው ሆሎ ኮን የሚባለው ኖዝል (መድኃኒቱ የሚወጣበት አፍ) ጠብታውን ያደቀዋል። በእጅ ፓምፕ ሲሆን ክንድ ሲዝል ግፊቱም ይወርዳል፣ ጠብታውም ይወፍራል፤ ይሄ ግን ባትሪው እስኪደክም ድረስ ያው ነው። ለማረጋገጥ ውሃ ሲነካው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሚቀየረውን ወረቀት ከቅጠሎቹ ሥር አያያዝኩና በባዶ ውሃ ሞከርኩ። ወረቀቱ በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞላ። በድሮው ግን ቢጫ እንደሆነ ነበር የቀረው!

ከዚያ ለእንጆሪ እንደሚሆን ላዩ ላይ የተጻፈበትን አባሜክቲን የሚባል የቀይ ሸረሪት መድኃኒት ረጨሁ፣ መጠኑንም ሳልጨምር። ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ። እንቁላሉን በደንብ ስለማይገድለው፣ የተፈለፈሉትን ለመያዝ በመመሪያው ቀን ቆጥሬ ደገምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ግን እሱኑ አልደግምም፣ ተባዩ ይለምደዋል፤ አሠራሩ የተለየ ሌላ መድኃኒት ነው የምቀይረው። አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹህ ሆነው ወጡ። ፍሬውን ለመልቀም ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ መጠበቅ ነው፣ ቢያጓጓም።

አሁን ቅሬታዬ። ሲሞላ ውሃው ብቻ 16 ኪሎ ነው፣ ማንገቻው ደግሞ እንደ ገመድ ቀጭን። ትከሻዬን ቆረጠኝ፣ አሁን ከ10 ሊትር በላይ አልሞላውም። የባሰው ግን ክዳኑ ነው። ጎንበስ ስል ጠብ ጠብ ይላል፣ እንጆሪ ደግሞ ጎንበስ ሳይሉ የሚረጭ ተክል አይደለም። መርዝ በጀርባ ሲወርድ ቀልድ የለም። ደግነቱ የመጀመሪያው ቀን ሙከራ በውሃ ነበር። ጎማውን በወፈር ያለ ቀይሬ ቆመልኝ፣ ግን አዲስ ዕቃ ገዝቼ ለምን እኔ እጠግናለሁ?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለክዳኑ ነው። ማንገቻው ላይ ስፖንጅ ራሴ ሰፍቼበታለሁ።